በሦስተኛው ቀን ይውጣ

ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.
አሶሳ፣ አምባ አሥራ ሁለት

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ የወርቅውሃ፣

ከተለየሁዎ ጀምሮ ጤናዎ እንዴት ነው? የስፌት ማኅበሩ፣ ያ የሚነዘንዝዎ ጉልበትዎ እንደምን ከረሙ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከናፍቆትዎና ከአፍንጫዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ውድነሽም ልጃችንም ደህና ናቸው። ውድነሽ «ባሌን አብልተው፣ አስታመው የላኩልኝን እናት ውለታቸውን እግዜር ይክፈልልኝ» ብላለች። እውነቷን ነው። በዘር ቢቆጠር እርስዎ የአያቴ የወንድም ልጅ ነዎት፤ የቅርብ የምንላቸው ግን እርስዎ ያደረጉልኝን አላደረጉም።

መንገዱ ሦስት ቀን ፈጀ። ነቀምት አደርን፣ መንዲ አደርን፣ ከመንዲ ወዲህ ያለውን አቧራ በአፌ እየጠጣሁ ገባሁ። በአፌ ያልኩት በአፍንጫዬ ስላልቻልኩ ነው።

እትዬ፣ ሳላንዛዛ ልንገርዎ፤ አፍንጫዬ አልተከፈተም። ለቤት መሥሪያ ሽመል፣ ያው ቀርከሃ፣ ስንቆርጥ ግንዱ ፊቴን መትቶኝ የተጣመመ ጊዜ እንኳ በግራው በኩል ትንሽ ትንሽ ይገባልኝ ነበር። አሁን በግራም በቀኝም ዝግ ነው። ዶክተሩ «የመሃሉ ግድግዳ ተጣሟል፣ እናቃናዋለን፣ እንደ ልብህ ትተነፍሳለህ» ብሎኝ አልነበር? ከተቀደድኩ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ምናልባት እንዲህ ያለው ነገር መጀመሪያ ዘግቶ ኋላ የሚከፈት ይሆን? እኔ አላውቅም። ጊዜ ሲያገኙ ወደ ሐኪም ቤቱ ብቅ ብለው ይጠይቁልኝ። ሌላ የምለምንዎ የለኝም።

ታዛዥ ልጅዎ
አንለይ


ኅዳር 4 ቀን 1979 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ ጉለሌ

ለልጄ ለአንለይ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ውድነሽን ሳምልኝ፣ ልጅቷንም ጉንጯን ሳምልኝ። እኔ ከጉልበቴ ጋር እየተጨቃጨቅኩ አለሁ። ማኅበራችን የተማሪ ዩኒፎርም እንዲሰፋ ታዞ ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ አፍጥጠን እንውላለን። ማታ ዓይኔን ስጨፍንም የሚታየኝ ሰማያዊ ነው።

አንተ ልጅ፣ ትዕግሥት የለህም። አባትህም እንደዚሁ ነበር፤ ዘር በዘራ በሳምንቱ እየጎረጎረ በቀለ አልበቀለ ብሎ የሚያይ ሰው ነበር። አጥንት ነው የተቀደደው። ሐኪም ቤት በር ላይ የማውቃት የጽዳት ሠራተኛ አለች፤ ጠየቅኳት። «ያብጣል እማማ፣ ብዙ ጊዜ ያብጣል» ብላኛለች። አፍንጫህን ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ የጨው ውሃ እጠበው።

ደግሞ ደህና ሐኪም ነው ያገኘኸው፣ አታማርር። ካርዱ ላይ በደንብ አድርጎ «በ3ኛው ቀን ይውጣ» ብሎ ጽፎ የለም? ያቺ አዲሷ ነርስ «ነገ ሐኪም ይየው» እያለች ልታስቀርህ ስትል በካርዱ አፏን አስያዝኳት። «እኔም ፊደል ቆጥሬያለሁ» አልኳት። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴ ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለ መስሎሃል? አፍንጫህ ጫፍ ላይ የቀረችውንም ጥጥ አውቶቡስ ተራ ቆመን እኔው በጣቴ መዘዝኩልህ። እንዲህ ተደርጎልህ የማይከፈትበት ምክንያት የለም።

እናትህ
የወርቅውሃ


ታኅሣሥ 22 ቀን 1979 ዓ.ም.
አምባ አሥራ ሁለት

ይድረስ ለእትዬ የወርቅውሃ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ ምስጋና ለእግዜር ደህና ነን። ውድነሽ በወባ ተኝታ ተነሥታለች።

የጨው ውሃውን እንዳሉኝ ሞከርኩት። በአፍንጫዬ ያስገባሁት ገፍቶ መልሶ በዚያው ይመጣል፤ ወደ ውስጥ ማለፊያ የለውም። አሁን የማሽላ ውቂያ ላይ ነን። የእርሻ ብርጌዳችን በሙሉ አውድማ ላይ ነው፣ ገለባውና ብናኙ ሰማይ ድረስ ነው፣ ሁሉም አፉን በነጠላ ሸፍኖ ይሠራል። እኔ አፌን ከሸፈንኩ ምን ቀረኝ? አፌን ከፍቼ ስሠራ ውዬ ማታ ጉሮሮዬ ገለባ ይተፋል።

ምግብ ላይ የባሰ ነው። ጉርሻና ትንፋሽ አፌ ላይ ተራ ይጠባበቃሉ። አንዱን ላስገባ ሌላውን ማቆም አለብኝ። ሰው ሁለት ሦስት ጉርሻ ሲጎርስ እኔ አንዷን ገና አልዋጥኩም። ጣዕሙንማ ረስቼዋለሁ፤ ውድነሽ ወጡን ጨው ብታበዛውም ባታደርግበትም ለእኔ ያው ነው።

ሌላም አለ፣ ስጽፈው አፍራለሁ። ይሸተኛል እንዳልል እኔ አይሸተኝም። ለሌላው ግን ይሸታል። በመጀመሪያ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ሰው አጠገቤ ሲደርስ ፊቱን ዞር ሲያደርግ ነው የገባኝ።

የአምባችን ጤና ጣቢያ ድሬሰር በቃሉ ይባላል፣ ትሑት ልጅ ነው። በባትሪ አየኝ። «አብጧል፣ ቅርፊት ይዟል፣ ከዚያ ወዲያ አይታየኝም» አለ። «ምን እንደሠሩህ ካወቅሁ ይሻላል፣ ካርድህ የታል?» ሲለኝ እርስዎ ዘንድ መቅረቱ ትዝ አለኝ። ተመልሼ እንዳልታከም ደግሞ የሰፈራው ኮሚቴ ለአሶሳም ለአዲስ አበባም መውጫ ወረቀት መስጠት አቁሟል። ከእኔ በኋላ ለሕክምና ብለው የወጡ ሁለት ሰዎች አልተመለሱም። አገራችን ወረኢሉ ገብተዋል ይባላል። ብጠይቃቸው አፍንጫህን ላስ ከማለት የተሻለ አልመለሱልኝም።

ስለዚህ እትዬ፣ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ለአፍንጫ የሚሆን ጠብታ ካለ ይላኩልኝ፤ ካርዱንም አብረው ይላኩልኝ።

አንለይ


ጥር 17 ቀን 1979 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ ጉለሌ

ለልጄ ለአንለይ፣

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረሰህ። ጠብታውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሾፌሩ ለነገሪ ሰጥቼዋለሁ። የመንዲ ልጅ ነው፣ ለእናንተ እህል ማስጫኛ ጆንያ ያመላልሳል፤ ሰፈራችን ዘመድ ስላለው ይመጣል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ራስህን ወደ ኋላ ጥለህ ጠብ አድርገው።

ወረኢሉ ዘንድሮ ዝናቡ ደህና እንደነበር ሰማሁ። አንተ ግን ስለ ወረኢሉና ስለሄዱት ሰዎች አትጻፍልኝ። አንዳንዱ ነገር በደብዳቤ አይጫወቱትም፤ ያንተም የእኔም ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ አናውቅም።

ካርዱን እፈልገዋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ የት እንደገባ እንጃ። ለመሆኑ ካርዱ ለድሬሰሩ ምን ይጨምርለታል? የሚለውን እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ይውጣ ነው የሚለው፣ በሦስተኛውም ቀን ወጥተሃል።

የወርቅውሃ


የካቲት 27 ቀን 1979 ዓ.ም.
አምባ አሥራ ሁለት

ይድረስ ለእትዬ የወርቅውሃ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጠብታውን ነገሪ አድርሶኛል፣ እጅዎ ይባረክ። ሁለት ሳምንት ጠብ አደረግኩት። ለአንዲት ሰዓት ያህል ቀለል ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ ያው ነው። አልቋል።

አንድ ነገር ላጫውትዎ። አምባው ዳር ማንጎና ባሚያ ይዘው የሚመጡ የአገሩ ሴቶች አሉ፣ በርታዎች። ከነሱ አንዷ ዐፊፋ ትባላለች፤ ውድነሽ ደንበኛዋ ናት። ባለፈው ማንጎ ልገዛ ጎንበስ ስል ፊቷን አዙራ አፍንጫዋን ያዘች። ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ የሚሆነውን እሷ ምንም አልደበቀችም።

«አንተ አፍንጫ ውስጥ ምን ከተተ?» አለችኝ።

«በሽታ ነው» አልኳት።

«ወላሂ በሽታ አይደለም። ልጅ የኔ ትንሽ እያለ ጨርቅ አፍንጫ ውስጥ ከተተ። ወር ቆየ። ሽታ ልክ እንደዚህ ነው። ይሄ ጨርቅ ነው።»

«እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ጨርቅ አፍንጫዬ ውስጥ አልከትም» ብዬ ሳቅሁ። በአፌ እየተነፈስኩ ስስቅ ሳል ይሆንብኛል፤ እዚያው አጎንብሼ ሳልኩ። ውድነሽ ግን አልሳቀችም። ቤት ከገባን በኋላ ደጋግማ «ምን አለች? ጨርቅ አለች?» ትለኝ ነበር።

ልጃችን እቅፌ ውስጥ መቀመጥ ትታለች። አራት ዓመቷ ነው፣ ክፋት አታውቅም፤ ስጠራት መጥታ ከፊቴ ትቆምና እጇን ብቻ ትሰጠኛለች። ይኼ ከማሽላው አውድማ ይልቅ አንጀቴን ይበላኛል። ስለዚህ ካርዱን እንደገና እለምንዎታለሁ። ሳጥኑን አንድ ጊዜ በደንብ ይፈትሹልኝ።

አንለይ


ሚያዝያ 29 ቀን 1979 ዓ.ም.
አምባ አሥራ ሁለት

ይድረስ ለእትዬ የወርቅውሃ፣

ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ ወሬዎ ጠፋብኝ። ነገሪ በመጋቢት ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ነው። ታመው እንደሆን ብዬ ሰጋሁ፤ እሱ ግን «ደህና ናቸው፣ ደብዳቤ አለ ወይ ስላቸው የለም አሉኝ» ይላል። ያስቀየምኩዎ ነገር ካለ ይንገሩኝና ይቅርታ ልጠይቅ። አፍንጫ ነው የሚያስጮኸኝ እንጂ ልመና ለምዶብኝ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ለእርሻው ጉቶ ስንነቅል ወደቅሁ። ትንፋሽ አጠረኝና ዓይኔ ጨለመ። የኮሚቴው ሊቀመንበር እዚያው ቆሞ ነበር። እስከ ዛሬ ለሥራ የምለግም ይመስለው ነበር፣ አሁን በዓይኑ አየ። «ከዚህ ቀደም የታከምክበትን የሐኪም ቤት ካርድ አምጣ፤ ተመልሰህ እንድትታይ የሚል ነገር ካለበት ወረቀት እንጽፍልሃለን» ብሎኛል።

እትዬ፣ ሁሉ ነገር ካርዱ ላይ ቆሟል። ደክሞኛል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አንለይ


ግንቦት 18 ቀን 1979 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ ጉለሌ
በነገሪ እጅ

ለልጄ ለአንለይ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ካስረዘምኩት ድፍረቱ ይጠፋብኛል።

ዐፊፋ የምትላት ሴት ልክ ናት። አፍንጫህ ውስጥ ጨርቅ አለ። ያስቀረሁብህም እኔ ነኝ።

ደብዳቤህ በመጋቢት አጋማሽ ነው የደረሰኝ። ጨርቅ የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቋርጬ ተነሣሁ። ካርዱን ከሳጥኑ አወጣሁት። ጠፍቶም አያውቅ፤ ከልብሶቼ በላይ ነበር፣ ለመፈለግ ነበር ያልፈለግሁት። ፊት ለፊቱ «በ3ኛው ቀን ይውጣ» ይላል። ገለበጥኩት። በጀርባው «በ7ኛው ቀን ይታይ» ይላል። ጀርባውን ያን ጊዜ አላየሁትም።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሩ ተዛውሯል። አንዲት በዕድሜ የገፋች ነርስ ካርዱን ተቀብላ አየችውና «ታዲያ በሦስተኛው ቀን ወጣ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እኔው ራሴ ይዤው ወጣሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ልጁን ነዋ።»

ካርዱን ወደ እኔ አዙራ ጽሑፉን በጣቷ ነካችው። «እማማ፣ ይውጣ የተባለው ፋሻው ነው። ደሙን እንዲያቆም፣ የተቃናውንም እንዲይዝ አፍንጫው ውስጥ የተጠቀጠቀ ረጅም ፋሻ አለ፣ በግራም በቀኝም። ልጁማ እስከ ሰባተኛው ቀን እዚሁ መተኛት ነበረበት» አለች። እኔ አውቶቡስ ተራ የመዘዝኳት ጥጥ የላይ መክደኛው ኖራለች።

ካርዱ ይውጣ ይላል እንጂ ማን ይውጣ አይልም። መሠረተ ትምህርት ላይ የሰጡኝ ፊደሉን ነው፣ አንብቤዋለሁ፣ አንድም ሆሄ አልሳትኩም። በዚህ ብቻ ቢሆን ባላዋቂነቴ አልቅሼ ዝም እል ነበር። ግን በዚህ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ወር ሙሉ እጄን የያዘኝም ይኼኛው ነው።

አልጋ እስኪገኝልህ እኔ ቤት ሳምንት ተቀምጠህ ነበር። አንተ ሳታውቅ ቀበሌ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ ነበር። «ከሰፈራ የመጣ ሰው ደብቀሻል ይባላል» አሉኝ። ወረቀት አለው ብል አልሰሙኝም። ታች ያለችው ጎረቤቴ የእህቷን ልጅ አስቀምጣ ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ዘይት እንዳትገዛ ተከልክላ ነበር፤ ልጁንም መጥተው ወስደውታል። ፈራሁ። «ለሦስት ቀን ይተኛል፣ ከዚያ ቤቴ ሳይመለስ በቀጥታ ወደ አሶሳ ነው» ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ሦስት ያልኩት አፌ እንዳመጣልኝ ነው። ቲኬትህንም ቆረጥኩ። ከዚያ ካርዱ ላይ ያንኑ ሦስተኛ ቀን ሳየው እግዜር ራሱ የጻፈልኝ መሰለኝ። ይውጣ የሚለውን ሳነብ ማን ነው የሚወጣው ብዬ አልጠየቅኩም፤ እኔ ማን እንዲወጣልኝ እንደምፈልግ አውቅ ነበርና።

አፍንጫህን በጨው ውሃ እጠብ ብዬ የጻፍኩልህ እኔ አሁን ዓይኔን በእንባ ጨው እየታጠብኩ ነው። ከመጋቢት ወዲህ ስንት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ። አንተ ግን በየቀኑ ያንን ይዘህ ጉቶ ትነቅል ነበር። ይኸን ሳስብ ራሴን እጠላዋለሁ።

ካርዱ ይኸው። ነርሷ «ፋሻው ውስጥ ቀርቷል፣ በአስቸኳይ ይውጣ» ብላ አሁን በደንብ አብራርታ ጽፋበታለች። የኮሚቴውን ወረቀት አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ አሶሳ ሂድና አሳያቸው።

የወርቅውሃ


ሰኔ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.
አምባ አሥራ ሁለት

ይድረስ ለእትዬ የወርቅውሃ፣

ጤናዎን እመኛለሁ።

ወጥቷል። ደብዳቤው በደረሰኝ በማግስቱ ከድሬሰሩ ከበቃሉ ጋር አሶሳ ሄድን። ሐኪሙ ካርዱን አንብቦ መጀመሪያ ነርሷ ቀልዳ የጻፈችው መሰለው። ከዚያ ቅርፊቱን በመቆንጠጫ አንስቶ ጫፉን ያዘና ይስብ ጀመር። መጣ፣ መጣ፣ አያልቅም። ከአንድ ክንድ ይረዝማል፣ ከሰል መስሏል። አጠገቤ ሌላ በሽተኛ ያስታምም የነበረ ልጅ መስኮቱን ከፈተና ከክፍሉ ወጣ። ከቀኙም እንደዚሁ። ደምም ፈሰሰኝ። ከዚያ አየር ገባ። ቀዝቃዛ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል። አሥር ወር ሙሉ ረስቼው ነበር።

አምባ ተመልሼ በቀትር ጋደም አልኩ። ውድነሽ ጮኻ ቀሰቀሰችኝ። ጎረቤት ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ለካ የለመደችው ማንኮራፋትና ማቃሰት ሲጠፋባት የሞትኩ መስሏት ነው። ልጃችን ግርግሩን ተከትላ መጥታ ደረቴ ላይ ወጣችና ተቀመጠች። ዐፊፋም ሰምታ መጣች። «እኔ ጨርቅ ብያለሁ፣ አንተ ሳቀ» አለችኝ።

ስለ ደብዳቤዎ እንዳልዋሽዎ፤ በጣም ተናድጃለሁ። ሦስት ቀን ውድነሽን እንኳ በወጉ አላናገርኳትም። እርስዎ ቤት የበላሁት ሁሉ በአፍንጫህ ይውጣ ተብዬ የተረገምኩ መሰለኝ። ሳይወጣ መቅረቱ ነው እንጂ። የመሠረተ ትምህርቱ ስህተት ምንም አልነበረም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝም ማለትዎ ነው ያቃተኝ። ያን ጊዜ ቢጽፉልኝ ጉቶው ላይ አልወድቅም ነበር።

ንዴቴ ሲበርድ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ካርዱ ትራሴ አጠገብ ነበር የተቀመጠው፣ እኔም አንብቤዋለሁ። ይውጣ የሚለውን ሳይ ልቤ ዘለለ። ከወሎ ጭነው ካመጡን ወዲህ አንድ ባለሥልጣን ስለ እኔ ይውጣ ብሎ እስኪጽፍ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ስለ ፋሻ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ስለዚህ እርስዎን ብቻ አልወቅስም። እኔም ያነበብኩት ራሴን ነው።

ሐኪሙ አይቶ ቀኙ ደህና ነው ብሏል። ግራው ግን ፋሻው ብዙ ስለቆየበት ሥጋው ከመሃሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፤ እዚህ አይሆንም፣ አዲስ አበባ ሄዶ መላቀቅ አለበት ይላል። ኮሚቴው ወረቀቱን ጽፎልኛል። ከምሳፈርበት ቀን ጀምሮ አሥራ አምስት ቀን ነው፣ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይሠራል፤ ኪሴ ውስጥ አለ።

አስቤበት ግን ትቼዋለሁ። በአንዱ እተነፍሳለሁ፤ ከበፊቱ አንጻር ትልቅ ነገር ነው። የማርፍበት ሌላ ቤት የለኝም፣ እርስዎንም ከቀበሌ ጋር አላጣላም። ወረቀቱ ቀኑ ሲያልፍ እመልስላቸዋለሁ። በዚህ አያስቡ።

አንለይ


ሐምሌ 3 ቀን 1979 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ ጉለሌ
በነገሪ እጅ

ለልጄ ለአንለይ፣

ለውድነሽ፣ ለልጅቷ፣ ለዐፊፋም ሰላምታዬ ይድረስ። ንዴትህን በልኩ ተቀብዬዋለሁ፤ ባትናደድ ነበር የምሰጋው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ስፌቱን ትቼ በራሴ እግር ቀበሌ ሄድኩ። አልዋሽህም፣ ፈርቼ ነበር። ሊቀመንበሩ አልነበረም። ጸሐፊዋ ሰንበቴ የምትባል ልጅ ናት፣ ቁም ነገረኛ። «የቤተሰብ ቅጼን አውጪልኝ፣ ሰው የማስመዘግበው አለኝ» አልኳት። አወጣችው። በዚያ ሰፊ ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔ ስም ብቻ ነው ያለው።

«ስም?»

አንለይ ብዬ ካባትህና ካያትህ ጋር ነገርኳት።

«ዝምድና?»

የአጎቴ የልጁ ልጅ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ብዕሯን አንስታ ትጠብቀኛለች፤ የምጽፍበት ቦታ ይቺ ናት ብላ ጣቷን የምታክል ሣጥን አሳየችኝ።

«ልጄ ነው» አልኳት።

«እማማ፣ ልጅ የለኝም ብለው አይደል ያስመዘገቡት?»

«ያን ጊዜ አልነበረኝም።»

ጻፈችው። «ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአሶሳ፣ ከሰፈራ» አልኳት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። እንዲሰሙልኝ ነው።

«ለምን ጉዳይ?»

«መተንፈስ አቅቶት።»

ሰንበቴ «ለሕክምና» ብላ ጻፈች። ከዚያ «ለስንት ቀን?» አለችኝ።

ወረቀትህ ላይ አሥራ አምስት እንደሚል አውቃለሁ። በአፌ ግን ቁጥር መጥራት አቃተኝ። «እሱን ባዶ ተዪልኝ» አልኳት። «ሊቀመንበሩ ቢጠይቀኝስ?» አለች። «ወደ እኔ ላኪው፣ እኔ እነግረዋለሁ» አልኳት። ጥቂት አመንትታ ባዶውን ተወችውና ማኅተም አደረገችበት። ግልባጩን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አልጋህን አንጥፌያለሁ። ወረቀትህ ቀኑ ሳያልፍ ተሳፈር።

እናትህ
የወርቅውሃ